ውሃችሁን ሳታውቁ ማጣሪያ አትግዙ

በዛሬው ዝግጅታችን ስለ ቤት ውሃ ማጣሪያ እንነጋገራለን፤ በተለይም በየሳኒተሪ ዕቃ መደብሩ «አርኦ» እየተባለ ስለሚሸጠው፣ ሙሉ ስሙ ሪቨርስ ኦስሞሲስ ስለሆነው ማሽን። ንግግሬ ከደመወዙ ቀንሶ ወይም ዕቁቡ እስኪደርሰው ጠብቆ ለሚገዛ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ገዢ አንዴ አላስፈላጊ ዕቃ ከገዛ ለሌላ የሚተርፈው ገንዘብ የለውም። ስለዚህ ማሽኑን ለጊዜው ወደ ጎን አድርገን ከውሃው እንጀምር።

አርኦ ለሁሉም ውሃ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። አዲስ አበባን እንውሰድ። ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው ውሃ ወንዝና ዝናብ ያጠራቀመው ስለሆነ የሟሟ ጨው ብዙ የለበትም፤ የሚለቀቀውም በማጣሪያ ጣቢያ ታክሞ ነው። የከተማው ነዋሪ የሚቸገረው በሌላ ነገር ነው። ውሃው በፈረቃ ሲመጣ፣ ባዶውን የሰነበተ ቧንቧ ደፍርሶ ይወርዳል። ከተሰበረ መስመር ቆሻሻ ይገባበታል። ሮቶው ለዓመታት ሳይታጠብ ከሥሩ ዝቃጭ ይይዛል። ለዚህ ሁሉ መፍትሔው ሮቶውን ማጠብ፣ ደለል የሚይዝ አንድ ማጣሪያ ማስገባትና የሚጠጣውን ማፍላት ወይም በክሎሪን ማከም ነው። ይህን በጥቂት ወጪ ማድረግ የሚችል ቤተሰብ ውድ ማሽን የሚገዛበት ምክንያት አይታየኝም።

እንዲያውም አርኦ በጀርም የተበከለን ውሃ ብቻውን እንዲያክም ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። የማጣሪያው ስስ ሽፋን፣ ማለትም ሜምብሬኑ፣ ለጀርም እጅግ ጠባብ ነው፤ ነገር ግን አንድ ጎሚኒ በትክክል ካልተቀመጠ ያልተጣራው ውሃ ከተጣራው ጋር ይቀላቀላል። አምራቾቹ ራሳቸው በመመሪያቸው ላይ፣ በጀርም ረገድ ንጽሕናው ባልተረጋገጠ ውሃ ላይ ያለ ሌላ ማከሚያ አትጠቀሙ ብለው ይጽፋሉ። ይህን መስመር ግን ሻጭ ሲያነብ አይሰማም።

ታዲያ አርኦ ለማን ያስፈልጋል? ውሃው ውስጥ የሟሟ ነገር ላለበት ሰው ነው። ጨው ጨው የሚል የጉድጓድ ውሃ የሚጠጣ ሰው አንዱ ነው። በአገራችን ግን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ የፍሎራይድ ጉዳይ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ስምጥ ሸለቆ ስትወርዱ፣ በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በባቱና ከዚያም ወደ ደቡብ በሐይቆቹ ዙሪያ፣ ጥርሳቸው ቡናማ ነጠብጣብ ወይም መስመር ያለበት ልጆችና ጎልማሶች ታያላችሁ። ጥርሳቸውን ስላልፋቁ አይደለም። ጥርሳቸው በድድ ውስጥ ሳለ፣ ገና ሲሠራ፣ ከሚጠጡት ውሃ የገባ ፍሎራይድ ነው። በወንጂ የስኳር እርሻ ለረጅም ዓመታት የጉድጓድ ውሃ የጠጡ ሠራተኞች ላይ ነገሩ ከጥርስ አልፎ አጥንትና መገጣጠሚያ መጉዳቱ በሕክምና ጥናት ከተመዘገበ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ቆላ ላይ ሰው አብዝቶ ስለሚጠጣ ከዚህም ዝቅ ቢል ይመረጣል። በስምጥ ሸለቆ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ ጣሪያ በላይ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ብዙ እጥፍ ያልፉታል።

ምንጩ የእሳተ ገሞራው ዓለት ነው። ውሃው በዓለቱ ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ እያሟሟ ይወጣል። ካልሲየም በብዛት ቢኖር ፍሎራይዱን ይዞት ይዘቅጥ ነበር፤ የስምጥ ሸለቆ ውሃ ግን ሶዳ እየበዛበት ካልሲየም ስለሚያንሰው ፍሎራይዱ ሟሙቶ ይቀራል። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ካልሲየም ያነሰው ውሃ ሳሙና ቶሎ ያረፋል፣ ጀበና ላይ ነጭ ቅርፊት አይተውም። ስለዚህ ሰው «ለስላሳ ነው፣ ጥሩ ውሃ ነው» ብሎ ይመርጠዋል። ፍሎራይድ ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ምላስ ላይም አይታወቅም። ማፍላት ደግሞ አያጠፋውም፤ ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ እዚያው ስለሚቀር እንዲያውም ይወፍራል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪያችሁ የላቦራቶሪ ምርመራ ይሁን። የክልል ውሃ ቢሮዎች ወይም ዩኒቨርሲቲዎች ላቦራቶሪ ጋ ሄዳችሁ «የፍሎራይድ መጠን እፈልጋለሁ» በሉ። ውሃውን በንጹሕ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውሰዱ እንጂ በብርጭቆ ጠርሙስ አይሁን፤ ፍሎራይድ ከብርጭቆ ጋር ስለሚጣበቅ ውጤቱን ያዛባል። ጠርሙሱን በዚያው ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ አለቅልቃችሁ ሙሉት። ለዚህ የምትከፍሉት ገንዘብ ማሽን መግዛት አለመግዛታችሁን የሚወስን ነው።

ገበያ ላይ የምታገኙት እንደ እስክሪብቶ ያለ የቲዲኤስ መለኪያ ይህን ሥራ አይሠራላችሁም። ቲዲኤስ ማለት ውሃው ውስጥ የሟሟው ነገር ሁሉ ድምር ነው። ኬሻውን ሳይፈቱ እንደ መመዘን ነው፤ ክብደቱን ይነግራችኋል፣ ውስጡ ጤፍ ይሁን አሸዋ አይነግራችሁም። ፍሎራይድን፣ እርሳስን፣ ጀርምን ለይቶ አያሳይም። በኋላ ለሌላ ሥራ ስለምንፈልገው ግን አትናቁት፤ ዋጋውም ብዙ አይደለም።

አሁን ወደ ማሽኑ እንምጣ። በአንድ ስስ ሽፋን ግራና ቀኝ ንጹሕና ጨዋማ ውሃ ብታስቀምጡ፣ በተፈጥሮ ንጹሑ ወደ ጨዋማው ይሄዳል። በጨዋማው በኩል በኃይል ከተገፋ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ውሃው ያልፋል፣ የሟሟው ጨው አብዛኛው ወደ ኋላ ይቀራል። ይህን በጥቅም ላይ ሊውል በሚችል ደረጃ የሠሩት ሲድኒ ሎብና ስሪኒቫሳ ሱሪራጃን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ። እ.ኤ.አ. በ1965 ኮሊንጋ የምትባል የካሊፎርኒያ ትንሽ ከተማ ጨዋማ የጉድጓድ ውሃዋን በዚህ ዘዴ ማጣራት ጀመረች። ዛሬ ወጥ ቤት ቧንቧ ሥር የምናስቀምጠው ማሽን የዚያ ታናሽ ወንድም ነው።

በደህና የሚሠራ ሜምብሬን ከ100 እጅ 90 እጅ ገደማ ፍሎራይድ ይይዛል። የውሃችሁ ውጤት በሊትር 6 ሚሊግራም ከሆነ ወደ 0.6 ይወርዳል። ሜምብሬኑ አርጅቶ 80 እጅ ብቻ ቢይዝ እንኳ 1.2 ነው፣ ከጣሪያው በታች። ውሃችሁ 15 ሚሊግራም ከሆነ ግን አዲሱ ሜምብሬን ራሱ 1.5 ላይ ያደርሳችሁና ትንሽ ሲደክም ከጣሪያው ያልፋል። ምርመራው መጀመሪያ ይቅደም ያልኩት ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ብዙ ገዢ የሚወድቅበት ነገር ግፊት ነው። በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሜምብሬኑ ውሃ የሚያሳልፈው ሲገፋ ነው ብለናል። የቤት ማሽኖች በደንብ የሚሠሩት ከ3 እስከ 4 ባር በሚደርስ ግፊት ነው። እኛ ቤት ግን ውሃው የሚመጣው ከሮቶ ነው። ሮቶ ከፍታው 10 ሜትር ሲሆን 1 ባር ይሰጣል። ሮቶአችሁ 4 ሜትር ብረት ላይ ቢቆምና የወጥ ቤቱ ቧንቧ ከመሬት 1 ሜትር ቢሆን፣ ያላችሁ የ3 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም 0.3 ባር ነው። በሊትር 1000 ሚሊግራም ጨው ያለው ውሃ ደግሞ በሜምብሬኑ ላይ ራሱ 0.7 ባር ገደማ ወደ ኋላ ይገፋል። 0.3 ባር 0.7 ባርን አያሸንፍም። ማሽኑ ቢገጠምም ከቧንቧው ጠብ የሚል ነገር አይኖርም፤ ወይም ደግሞ ቀጭን ጠብታ እየሰጠ አብዛኛውን ውሃ ወደ ፍሳሽ ይልካል።

ስለዚህ ከሮቶ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ የምትገዙት ማሽን ፓምፕ ያለው መሆን አለበት። ፓምፕ የሌለውን በርካሽ ገዝቶ ፓምፑን በኋላ ለየብቻ መጨመር ብዙ ጊዜ ይበልጥ ያስወጣል። ፓምፑ ላይ ሁለት ነገር መኖሩን አረጋግጡ። አንዱ ውሃ ሲጠፋ ፓምፑን የሚያቆም ማብሪያ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ከሌለ ፓምፑ በደረቁ እየዞረ ይቃጠላል። ሁለተኛው ማጠራቀሚያው ሲሞላ የሚያጠፋው ነው። ይህ ከሌለ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ወደ ፍሳሽ ይፈሳል። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ እንደሚቆም አስቡበትና ሁልጊዜ የተጣራ ውሃ በንጹሕ ጀሪካን አስቀምጡ።

የምትኖሩት በፎቅ ቤት ከሆነና ሕንፃው የራሱ የግፊት ፓምፕ ካለው ይህ ወጪ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። የቧንቧ ሠራተኛ ጠርታችሁ በግፊት መለኪያ አስለኩ፤ የደቂቃ ሥራ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ ሱቅ ስትገቡ ወይም ሻጭ ቤታችሁ ድረስ ሲመጣ ልታዩት ስለምትችሉት አንድ ማሳያ ልንገራችሁ። በሌሎች አገሮች ብዙ ሰው ገንዘቡን የተበላበት ዘዴ ስለሆነ ጠንቅቃችሁ እወቁት።

ሻጩ ሁለት ብርጭቆ ያስቀምጣል። በአንዱ የእናንተን የቧንቧ ውሃ፣ በሌላው በማሽኑ የተጣራውን ይሞላል። ከዚያ የብረት ዘንጎች ያሉት ትንሽ መሣሪያ ያወጣና በሁለቱም ብርጭቆ ውስጥ ነክሮ ሶኬት ላይ ይሰካዋል። በጥቂት ሰከንድ የቧንቧው ውሃ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ላዩ ላይ ጥቁር አረንጓዴ አተላ ይንሳፈፋል። የተጣራው ንጹሕ እንደሆነ ይቀራል። «ልጆችዎ በየቀኑ የሚጠጡት ይህን ነው» ይላል። የትኛዋ እናት አትደነግጥም?

ያ ቡናማ ነገር ከውሃው የወጣ አይደለም። ዘንጉ ራሱ ብረት ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት እየሟሟ ዝገት ይሆናል። ኤሌክትሪክ ለማስተላለፍ ደግሞ ውሃው ውስጥ ጥቂት ጨው መኖር አለበት። የተጣራው ጨው ስለሌለው ኤሌክትሪኩ አያልፍም፣ ዘንጉም አይሟሟም። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ሻጩን «እስቲ በተጣራው ውሃ ላይ ቁንጥር ጨው ጨምርበትና ድገመው» በሉት። እሱም ቡናማ ይሆናል። እንዲህ ያለ ማሳያ የሚያሳይ ሰው ስለ ማሽኑ የሚነግራችሁን ሌላውንም ነገር በጥርጣሬ ስሙት።

ሌላው የሻጭ ወሬ የደረጃ ብዛት ነው። «ባለ 5 ደረጃ፣ ባለ 7፣ ባለ 10» ይላሉ። ሥራውን የሚሠሩት አራት ናቸው። መጀመሪያ ደለል የሚይዘው ነጭ ፊልተር። ከዚያ ክሎሪን የሚይዘው የከሰል ፊልተር፤ አንድ ወይም ሁለት ይሆናል። ይህ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ በአሁኑ ጊዜ የሚሸጡት ሜምብሬኖች ክሎሪን ያበላሻቸዋል፣ ከሰሉ ጠባቂያቸው ነው። ሦስተኛው ሜምብሬኑ ነው። አራተኛው ከማጠራቀሚያው በኋላ ጣዕም የሚያስተካክል ትንሽ ከሰል። ከዚህ በላይ ያለው «አልካላይን»፣ «ማዕድን»፣ «ኢንፍራሬድ» እየተባለ የሚጨመረው ፍሎራይዱን አንዲት ጠብታ አይቀንስላችሁም፤ በየዓመቱ ግን የሚቀየር ተጨማሪ ዕቃ ነው። ለየት የሚለው የዩቪ መብራት ነው። ውሃችሁ በቦቴ የሚመጣ ከሆነ ወይም ጀርም የሚያሰጋችሁ ከሆነ ዋጋ አለው፤ መብራት በጠፋ ጊዜ እንደማይሠራ ግን አትርሱ።

አርኦ ማዕድን ስለሚያወጣ ጤና ይጎዳል ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁ፤ ካልሲየምና ማግኒዚየም በዋናነት የምናገኘው ከምግብ ነው። ጤፍ፣ ጎመን፣ ወተት የሚበላ ሰው በዚህ ብዙ አይጨነቅ።

መጠንስ? ሳጥኑ ላይ «50 ጂፒዲ»፣ «75 ጂፒዲ»፣ «400 ጂፒዲ» የሚል ታያላችሁ። በቀን ስንት ጋሎን እንደሚያጣራ ነው። 50 ጋሎን ማለት 189 ሊትር ነው። ይህ ግን በ25 ዲግሪ ሙቀትና በሙሉ ግፊት ነው። ውሃው ቀዝቀዝ ካለና ግፊቱ ግማሽ ከሆነ ወደ 65 ሊትር ሊወርድ ይችላል። አምስት ሰው ያለበት ቤት ለመጠጥና ለምግብ በቀን 20 ሊትር ቢፈልግ፣ ትንሿ ማሽን በደካማ ቀኗም ሦስት እጥፍ ትሰጣለች። ስለዚህ ለመጠን ብላችሁ ገንዘብ አትጨምሩ።

ለምግብም ያልኩት በምክንያት ነው። ፍሎራይድ በማብሰል ስለማይጠፋ ለሊጥ፣ ለወጥ፣ ለሾርባ፣ ለሻይና ለቡና የሚገባው ውሃ የተጣራ መሆን አለበት። የሻይ ቅጠል በራሱ ፍሎራይድ አለው። የሚጠጣውን ብቻ አጣርቶ ምግቡን በጉድጓድ ውሃ የሚያበስል ቤት የደከመበትን ግማሹን መልሶ በምግብ ይበላዋል። ለገላና ለልብስ ግን ያልተጣራው ይበቃል።

አሁን ዋናው የገንዘብ ጉዳይ። ማሽኑ ላይ የተለጠፈው ዋጋ የመጀመሪያው ክፍያ ነው። ደለል የሚይዘውና ሁለቱ ከሰሎች በየስድስት ወሩ ይቀየራሉ እንበል፤ በሦስት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ማለት ነው፣ 15 ፊልተር። የመጨረሻዋ ከሰል በዓመት አንዴ፣ ሁለት ጊዜ። ሜምብሬኑ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይቆያል፣ አንድ ጊዜ። በድምሩ 18 ዕቃ ነው። አንዱ በአማካይ የማሽኑን ዋጋ አንድ ሃያኛ ቢያወጣ፣ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ሌላ ማሽን ሊገዛ የተቃረበ ገንዘብ አውጥታችኋል። ውሃችሁ ደፍራሳ ከሆነ ወይም ብረት ካለበትና ባልዲ ላይ ብርቱካናማ ቀለም የሚተው ከሆነ ከዚህም ቶሎ ይዘጋል። እንዲህ ሲሆን ከማሽኑ በፊት አንድ ተጨማሪ የደለል ፊልተር ማስገባት ሌሎቹን ያተርፋል።

ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ከዋጋው አስቀድማችሁ የፊልተሩን ልክ ጠይቁ። የተለመደው ባለ 10 ኢንች ፊልተር በክዳኑ ተፈትቶ የሚቀየር ከሆነ፣ ሜምብሬኑም «1812» የሚባለው የተለመደ ልክ ከሆነ፣ መርካቶ ብትሄዱ ከአንዱ ሱቅ ብታጡ ከሌላው ታገኛላችሁ፤ ዋጋም ታወዳድራላችሁ። በሚያብረቀርቅ ሳጥን ተዘግቶ የራሱ ኩባንያ ፊልተር ብቻ የሚገባበት ግን፣ አስመጪው ዕቃውን ማስመጣት ካቆመበት ቀን ጀምሮ ጌጥ ነው። እኔ ብመርጥ ውበቱን ትቼ ክፍቱን እገዛለሁ። ሜምብሬን ስትገዙ በታሸገ ከረጢት ያለውን ውሰዱ። የተፈተነ ማሽን ማግኘት ከቻላችሁ «ኤንኤስኤፍ 58» የሚለው ደረጃ የአርኦ ነው። «42» የሚለው የጣዕምና የክሎሪን ብቻ ነው፤ እሱን ብቻ ያለፈ ማንቆርቆሪያ መሳይ ማጣሪያ ፍሎራይድ ያወጣል ብላችሁ አትግዙ።

ውጭ አገር ላላችሁ አድማጮቻችንም አንድ ቃል አለኝ፤ ለወላጆቻችሁ ማሽን በሻንጣ ይዛችሁ የምትመጡ ብዙ ናችሁና። ከአሜሪካ የምታመጡት ፓምፕ ያለው ከሆነ ብዙውን ጊዜ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ እዚህ ያለው 220 ነው፣ በቀጥታ ሲሰካ ይቃጠላል። ፓምፕ የሌለውን ካመጣችሁ ደግሞ ከላይ የነገርኳችሁ የሮቶ ጉዳይ ይገጥመዋል። ፊልተሩ እዚህ የሚገኝ ልክ ካልሆነ እናታችሁ በስድስት ወሩ ደውላ «ልጄ፣ ያ ነገር ዘጋ» ትላችኋለች። ይልቅ ወላጆቻችሁ ቤት ያለውን ውሃ አስመርምሩ፤ ገንዘቡን ላኩና እዚህ የተለመደ ልክ ያለው ይገዛ፣ በሻንጣችሁ የታሸገ ሜምብሬንና የቲዲኤስ መለኪያ አምጡ።

ስለ ፍሳሹ ውሃም ሳናነሳ አናልፍም። ተራ የቤት አርኦ አንድ ሊትር ሲያጣራ ሦስትና አራት ሊትር ይጥላል፤ ደካማው ከዚህም በላይ። በቀን 20 ሊትር ለምትፈልጉ፣ ቢያንስ 60 ሊትር ወደ ጎን ይሄዳል ማለት ነው። ውሃ በቦቴ እየገዛ የሚኖር ሰው ይህን ማፍሰስ የለበትም። ቱቦውን በርሜል ውስጥ አግቡት፤ ወለል ይጠረግበታል፣ ሽንት ቤት ይታጠብበታል፣ ልብስ ይለቀለቅበታል። ነገር ግን የተጣራው የተወው ፍሎራይድና ጨው ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ገቢው 4 ሚሊግራም ከነበረ ፍሳሹ 5 ገደማ ይሆናል። ለሰው፣ ለዶሮ፣ ለላም አይጠጣ፤ ለጓሮ አትክልትም ዘወትር አይሁን።

ማሽኑ ከተገጠመ በኋላ የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ማጠራቀሚያ ሙሉ ውሃ ድፉት። ከዚያ ቲዲኤሱን ለኩ፤ መጀመሪያ የገባውን፣ ቀጥሎ የወጣውን። የገባው 800፣ የወጣው 60 ከሆነ ሜምብሬኑ ከ90 እጅ በላይ ይዟል። ያን ቀን የወጣውን ውሃ አንድ ጊዜ ላቦራቶሪ አስመርምራችሁ ፍሎራይዱን እወቁና ከቲዲኤሱ ጎን ጻፉት። ከዚያ በኋላ መለኪያዋ ዘበኛችሁ ትሆናለች። በየወሩ ለኩ፤ 60 የነበረው 120፣ 150 እያለ ሲወጣ ፍሎራይዱም አብሮ እየወጣ ነውና ሜምብሬኑ የሚቀየርበት ጊዜ ቀርቧል። ሻጩ ደውሎ «ጊዜው ደርሷል» ሲላችሁ ሳይሆን ቁጥሩ ሲላችሁ ቀይሩ።

ውሃው ቀስ ብሎ መምጣት ከጀመረ ሜምብሬን ለመግዛት አትሩጡ። መጀመሪያ የደለሉን ፊልተር እዩ። እሱ ደህና ከሆነ ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው አየር ወርዶ ሊሆን ይችላል። ገቢውን ዘግታችሁ ውሃውን ሙሉ በሙሉ አፍስሱና ታንከሩን ይዛችሁ ጎሚስታ ጋ ሂዱ። ከጎኑ እንደ ብስክሌት ጎማ ያለ ቫልቭ አለው። ባዶውን ሆኖ ከ5 እስከ 8 ፒኤስአይ ይሙላላችሁ። ብዙ ሰው «ተበላሸ» ብሎ የጣለው ታንከር የጎደለው ይህ ብቻ ነው። ፊልተር ስትቀይሩ የፊልተሩን መያዣ በሳሙና እጠቡ። በበረኪና ማጽዳት ከፈለጋችሁ ግን መጀመሪያ ሜምብሬኑንና ከሰሎቹን አውጡ።

ይህም ሆኖ ገንዘቡ የማይደርስ ቤተሰብ ብዙ ነው። ክረምት ላይ ከንጹሕ ቆርቆሮ ጣሪያ የሚጠራቀም የዝናብ ውሃ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል፤ ክሎሪን ጨምሮ ለመጠጥ ማቆየት ይቻላል። በስምጥ ሸለቆ የአጥንት ከሰል ማጣሪያም ተሞክሯል፤ ፍሎራይድን በደንብ ይይዛል፣ ከአጥንት ስለሚሠራ ግን በሃይማኖት ምክንያት የማይቀበለው ሰው አለ፣ ያም ሊከበርለት ይገባል። ያለው የተጣራ ውሃ ጥቂት ከሆነ ቅድሚያው ለልጆች ነው፤ በተለይ እስከ ስምንት ዓመት፣ ቋሚ ጥርሳቸው በድድ ውስጥ እየተሠራ ላለው።

በአንድ ግቢ የምትኖሩ ተከራዮች ከሆናችሁ ደግሞ ማሽኑን በጋራ ግዙት። ባለ 75 ጋሎኑ ፓምፕ ካለው በግማሽ ጉልበቱ እንኳ በቀን 140 ሊትር ይሰጣል፤ ለሦስት ቤት ለየቤቱ 20 ሊትር ቢደርስ 60 ሊትር ነው። ግዢውም፣ የ18ቱ ዕቃ ወጪም ለሦስት ይከፈላል። ፍሳሹ በቀን ቢያንስ 180 ሊትር ስለሚሆን አንድ በርሜል ላይበቃው ይችላል፣ ሁለት አዘጋጁ። ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ሁለት ነገር ተስማሙ፦ በየወሩ ለፊልተር የሚዋጣው ስንት እንደሆነ፣ ቲዲኤሱን ለክቶ በደብተር የሚጽፈውና ፊልተሩን የሚቀይረው ማን እንደሆነ። የተቀየረበትን ቀን በማርከር ፊልተሩ ላይ ጻፉት፤ ተራው የማን እንደሆነ ሁሉም ያየዋል።